አሰብ ይከፈታል ብለን መጋዘን እንሥራ? ከኮምቦልቻ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር የዕቃ መጋዘን ለመሥራት ከወንድሞቼ ጋር ገንዘብ እያዋጣን ነው። ከተማው ውስጥ ‹አሰብ መከፈቱ አይቀርም፣ መንገዱ እንደ ድሮው ይሞላል› የሚል ወሬ በዝቷል። ትልቁ አጎቴ የአልጀርሱ ስምምነት ስለፈረሰ አሰብ በሕግም የእኛው ናት ይላሉ። ትንሹ አጎቴ ደግሞ ወደብ ለሌለው አገር የዓለም ሕግ የባሕር በር ይሰጠዋል ይላሉ። እውነቱ የትኛው ነው? ያ መንገድ ያለ ጦርነት ሊከፈት ይችላል? ወይስ ገንዘባችንን ሌላ ነገር ላይ እናውለው?»

ወንድሜ፣ ትልቁ አጎትህ ተሳስተዋል፤ ትንሹ ደግሞ እውነቱን ጀምረው ሳይጨርሱት ተነሥተዋል። ደሴ ላይ ዓለም አቀፍ ሕግ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ስለ አሰብ ሳልጠየቅ ያለፈ ዓመት አላስታውስም። ከነመጋዘኑ የጠየቀኝ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ። ስለ ቀይ ባሕር ደረቱን ነፍቶ የሚናገር ሰው አጥተን አናውቅም፤ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ቆም ብሎ የሚጠይቅ ነው ያነሰን። ዓመቶቹን በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. ብዬ እለየዋለሁ።

ክርክሩን ሁሉ የሚያበላሸው «የባሕር በር» የሚለው ስም ነው። ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እንጠራለን። የባሕር ጠረፍ ባለቤት መሆን አንድ ነገር ነው፤ ይህ የሉዓላዊነት ጉዳይ ነው። የሌላውን አገር ምድር አቋርጦ ዕቃን ወደ ባሕር የማድረስ መብት ሌላ ነው፤ ይህኛው ትራንዚት ይባላል። መርከብ የሚቆምበትን ቦታ፣ ክሬኑንና መጋዘኑን መከራየት ወይም ድርሻ መግዛት ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ እሱ የንግድ ውል ነው። ትልቁ አጎትህ ስለ መጀመሪያው፣ ትንሹ ስለ ሁለተኛው ያወራሉ። የባቲን መንገድ በተሳቢ የሚሞላው ግን ሦስተኛው ነው፤ ስለ እሱ ቡና ላይ ሲከራከር የሰማሁት ሰው የለም።

ለትልቁ አጎትህ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትጓዝ ሐይቅን አልፈህ ውጫሌ ትደርሳለህ። ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተዋዋሉት እዚያው፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ ነው። ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ 17ኛውን አንቀጽ ያውቀዋል፤ የአማርኛው ጽሑፍ ለንጉሡ የፈቀደውን የጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው፣ ነገሩም ዐድዋ ላይ አለቀ። 3ኛውን አንቀጽ የሚያነሣ ሰው ግን ብርቅ ነው። ድንበር የሚያስቀምጠው አንቀጽ እሱ ነበር፤ ሐላይን፣ ሰገነይቲንና አሥመራን በጣሊያን በኩል ያደረገው እሱ ነው። ውሉ ከድሉ በኋላ ተሻረ፤ ድንበሩ ግን እንደገና በእ.ኤ.አ. 1900፣ 1902 እና 1908 ውሎች ተጻፈ። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምለው ነው፤ 17ኛው አንቀጽ ሐውልት አቆመልን፣ የ3ኛው አንቀጽ ጣጣ ግን እስከ ዛሬ እየተከተለን ነው።

አሰብማ ከውጫሌም በፊት ነው የሄደችው። እ.ኤ.አ. በ1869 ሩባቲኖ የተባለ የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ ከአካባቢው የአፋር ሹማምንት ገዛት፤ እ.ኤ.አ. በ1882 ደግሞ ለጣሊያን መንግሥት ተላለፈች። እ.ኤ.አ. የ1908 ውል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በአፋር በኩል ያለውን ድንበር ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ጠረፉን ተከትሎ እንዲሄድ አደረገ። በአሰብ መንገድ ላይ ካለችው የድንበር ከተማ ከቡሬ ባሕሩ የማይታየው በዚህ የተነሣ ነው።

አጎትህ ጠንከር ያለ ክርክር ካላቸው የሚያነሡት ይህንን ይሆናል፦ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገሩን በወረረ ጊዜ ውሎቹን ራሱ ቀዷል፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል እነዚያን ሦስት ውሎች ዋጋ ቢስ ብሎ አውጇል። ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያና የኤርትራን ጦርነት ለመቋጨት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ የተፈረመውን ስምምነት 4ኛ አንቀጽ ያንብቡልኝ። ስምምነቱ ያቋቋመው የድንበር ኮሚሽን ድንበሩን የሚወስነው አግባብ ባላቸው እ.ኤ.አ. የ1900፣ የ1902 እና የ1908 የቅኝ ግዛት ውሎች እንዲሁም በዓለም አቀፍ ሕግ መሠረት እንደሆነ በግልጽ ይላል፤ ውሳኔውም የመጨረሻና አስገዳጅ ነው ይላል። የፈረመው የእኛው መንግሥት ነው። ቀብረናቸው የነበሩትን ውሎች እኛው ቆፍረን አወጣናቸው። ያኔ የፈረሙትን ሰዎች መውቀስ ይቻላል፤ እኔም በበኩሌ የምወቅስበት አለኝ። ሆኖም ፈራሚን መውቀስ ፊርማውን አያነሣም።

ኮሚሽኑ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ሲወስን የሁላችንም ዓይን ባድመ ላይ ስለነበር የምሥራቁን ክፍል ልብ ያለው ጥቂት ነው። ለአንተ ግን ዋናው እሱ ነው። ሁለቱ አገሮች ቀደም ሲል በስምምነት ቡሬ ላይ የየራሳቸውን ኬላ ሠርተው ነበር፤ ኮሚሽኑም ድንበሩ በሁለቱ ኬላዎች መካከል፣ ከሁለቱም እኩል ርቆ ያልፋል አለ። በረሓ ላይ የቆሙ ሁለት የጉምሩክ ቤቶች የአገር ድንበር ማስረጃ ሆኑ። ጉምሩክን አትናቅ የምለው ወድጄ አይደለም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

«ስምምነቱ ፈርሷል» የሚለውስ? አንድ ስምምነት ሲጣስ ብዙ ነገሩ ሊፈርስ ይችላል፤ 25 ኪሎ ሜትር ስፋት የነበረው ጊዜያዊ የጸጥታ ቀጠና ፈርሷል፣ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦርም እ.ኤ.አ. በ2008 ጠቅልሎ ወጥቷል። የተወሰነ ድንበር ግን እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1969 የቪየናው የውሎች ስምምነት 62ኛ አንቀጽ የሁኔታዎች መለወጥ የድንበር ውልን ለማፍረስ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። የአፍሪካ መሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ካይሮ ላይ በነጻነት ጊዜ የተገኘውን ድንበር እናከብራለን ብለው ተማምለዋል። ይህን መሐላ አንድ አገር ላይ ቢፈቱት የሁሉም ግድግዳ ስለሚነቃነቅ፣ በአህጉሩ ውስጥ ለአጎትህ ክርክር እጁን የሚያወጣ መንግሥት ማግኘት ይከብዳል። ኦጋዴንን በተመለከተ ያንን የካይሮ ውሳኔ ጋሻ አድርገን የያዝነው እኛው ራሳችን እንደነበርን ደግሞ አትርሳ።

በዚህ ሁሉ ኢትዮጵያ ጥያቄ የላትም ማለቴ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 1950 ኤርትራን በፌዴሬሽን ሲያገናኝ፣ በውሳኔ ቁጥር 390 መግቢያ ላይ ኢትዮጵያ በቂ የባሕር መውጫ የማግኘት ተገቢ ፍላጎት እንዳላት ጽፏል። «ተገቢ» የሚለው ቃል ቀላል አይደለም። ለዚያ ፍላጎት የተሰጠው መልስ ግን ፌዴሬሽኑ ነበር፤ ፌዴሬሽኑን በ1955 ዓ.ም. ያፈረሰው ደግሞ የአዲስ አበባ መንግሥት ነው። የራስን ማስረጃ በራስ እጅ መቅደድ ማለት ይህ ነው።

ወደ ትንሹ አጎትህ ልሂድ። የሚሉት ሕግ አለ፤ እ.ኤ.አ. የ1982 የባሕር ሕግ ስምምነት ነው። 125ኛው አንቀጽ ወደብ የሌላቸው አገሮች ወደ ባሕር የመድረስና ከባሕር የመመለስ መብት እንዳላቸው፣ በመተላለፊያው አገር ምድርም ላይ የትራንዚት ነጻነት እንዳላቸው ይናገራል። 127ኛው አንቀጽ ደግሞ ለተሰጠ አገልግሎት ከሚከፈል ሒሳብ በስተቀር በትራንዚት ዕቃ ላይ ቀረጥ እንዳይጣል ይከለክላል። አጎትህ እዚህ ድረስ አንብበው ዘግተውታል። እዚያው 125ኛው አንቀጽ ሁለተኛው ንኡስ አንቀጽ ላይ የትራንዚቱ ሁኔታና አፈጻጸም በሁለቱ አገሮች ስምምነት ይወሰናል ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ መተላለፊያው አገር ጥቅሙን ለመጠበቅ እርምጃ የመውሰድ መብት ይሰጠዋል። በአጭሩ ሕጉ መብቱን ይሰጥሃል፣ ቁልፉን ግን ከጎረቤትህ ተቀበል ይልሃል። ይባስ ብሎ ኢትዮጵያ ስምምነቱን ብትፈርምም አላጸደቀችም፤ ኤርትራ ጭራሹን አልፈረመችም።

ፍርድ ቤት ብንሄድስ የሚል አይጠፋም። ቦሊቪያ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ1879 በተጀመረ ጦርነት የባሕር ጠረፏን በቺሊ ተነጠቀች፤ እስከ ዛሬ ቲቲካካ በሚባል ሐይቅ ላይ ባሕር ኃይል አላት፣ ቁጭቷ እንዲህ ነው። ቺሊ ቢያንስ ተቀምጣ የመደራደር ግዴታ አለባት ብላ ዘ ሄግ ከሰሰች። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2018 ፍርድ ቤቱ በ12 ድምፅ ለ3 እንዲህ ያለ ግዴታ የለባትም አለ። ልብ በል፤ ቦሊቪያ እ.ኤ.አ. ከ1904 ውል ጀምሮ በቺሊ ወደቦች በኩል ዕቃዋን የማሳለፍ መብት አላት። የተሸነፈችው በሉዓላዊነቱ ጥያቄ ነው። ሌላው የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. የ1960 የፖርቱጋልና የሕንድ ክርክር ነው፤ እዚያ ፍርድ ቤቱ ሲቪል ሰውና ዕቃ በሕንድ ምድር የማለፍ መብት አላቸው፣ ወታደርና የጦር መሣሪያ ግን የላቸውም ብሎ ለይቷል። የባሕር ኃይል ሰፈርንና የንግድ ወደብን በአንድ ጥያቄ አጣብቆ የሚያቀርብ ሰው ይህን ፍርድ ቢያነብ ደግ ነው።

ሕጉን እዚህ ላይ ልተወው። አሁን የምነግርህ ከሕጉ ይልቅ ለመጋዘንህ የሚጠቅም ነው።

በልጅነቴ ጎረቤታችን የአሰብ መስመር ሹፌር ነበሩ። ሐረጎን ወርደው፣ ኮምቦልቻ አድረው፣ በባቲ አድርገው ወደ ሚሌ ይወጡ ነበር፤ ከዚያ ሎግያ፣ ሰርዶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያወጣውን መንገድ ከነጠመዝማዛው በቃላቸው ያውቁት ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ነጻነቷን ካወጀች በኋላም ለአራት ዓመት ተኩል ያህል ለእሳቸው የተለወጠ ነገር አልነበረም። ገንዘቡ ብር ነበር፤ የትራንዚትና የወደብ አገልግሎት ስምምነት ተፈርሞ ነበር፤ ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) ዲክላራሲዮኑን፣ ማለትም የዕቃ መግለጫውን ይሞላል፣ ተሳቢው ይጫናል፣ ይመለሳል። የቤታችን ጨው ሳይቀር በዚያ በኩል ነበር የሚመጣው።

በ1990 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን የራሷን ገንዘብ አወጣች። አሥመራ ናቅፋና ብር በእኩል ዋጋ በሁለቱም አገር ይገበያዩ አለች፤ አዲስ አበባ አይሆንም፣ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በውጭ ምንዛሬና በኤልሲ (ባንክ ለሻጩ ክፍያውን በሚያረጋግጥበት ሰነድ) ይሂድ አለች። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ እውነቱን ለመናገር በዚህኛው አዲስ አበባ ያደረገችው ማንኛውም መንግሥት የሚያደርገውን ነው። ችግሩ ሁለት የተለያየ ገንዘብ ያላቸው አገሮች እንዴት እንደሚገበያዩ ቀድሞ የተጻፈ ነገር አለመኖሩ ነበር። ንግዱ ታነቀ። ከስድስት ወር በኋላ ባድመ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ጦርነቱ የገንዘብ ጠብ ብቻ ነበር አልልም፤ የፖለቲካውም፣ የድንበሩም፣ የሰዎቹም ነገር አለበት። ጎረቤታችን ግን «ጦርነቱን ከሬድዮው በፊት የሰማሁት ከወረፋው ነው» ይሉ ነበር። ከመድፉ በፊት የወረቀቱ ሰልፍ ረዝሞ ነበር ማለታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቀዋለህ። የአሰብ መስመር ሞተ፤ ዕቃው በጅቡቲ ድንበር ኬላ በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ጨውን በተመለከተ አፍዴራ ተተካች። ዘመድ ያላቸው ጥቂት ሹፌሮች መስመር ቀየሩ፤ የቀሩት ተሳቢያቸውን ሸጡ። አሰብ ደግሞ ደንበኛዋን አጥታ ተቀመጠች፤ የነዳጅ ማጣሪያው ከጦርነቱ በፊት ተዘግቶ ነበር።

ሁለተኛው ዕድል የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. አሥመራ ላይ አምስት ነጥብ ያለው የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ተፈረመ፤ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የሁለቱ አገር መሪዎች ቡሬና ዛላምበሳ ላይ ተገኝተው ድንበሩን ከፈቱ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ጅዳ ላይ ሰባት አንቀጽ ያለው ሌላ ስምምነት ተፈረመ። ያን ዕንቁጣጣሽ ደሴ ላይ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበን ያለቀስነውን አልረሳውም፤ እኔም አልቅሻለሁ። ነጋ፤ ወረቀቱን አነበብኩት፤ እንባዬ ደረቀ። የንግድ፣ የትራንስፖርትና የግንኙነት መሥመር እንደገና ይጀመራል የሚል ነጥብ አለው። በስንት ቀረጥ? በየትኛው ገንዘብ? የእኛ ተሳቢ ማዶ ሰው ቢገጭ የሚከፍለው የማን ኢንሹራንስ ነው? ሹፌሩና ረዳቱ የሚያልፉት በምን ወረቀት ነው? ዕቃው ጠፍቶ ቢገኝ የሚዳኘው የት ነው? አንዱም አልተጻፈም። ሕዝቡ ግን ወረቀት ሳይጠብቅ ተጉዞ ዘመዱን አገኘ፣ ጤፍና ስሚንቶ ተሻገረ፣ ብርና ናቅፋ ጎዳና ላይ ተመነዘረ። ዓመት ሳይሞላው ኬላዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ለምን እንደተዘጉ ይፋ የሆነ ማብራሪያ ሳይሰጥ ተዘጉ፤ ያለ ደንብ የተከፈተ ነገር ሲዘጋም ደንብ የለውም።

የአሰብ መንገድ ሁለት ጊዜ የተዘጋው በእኔ አስተያየት በዚህ ነው፤ በ1990 ዓ.ም. ደንቡ ከነገሩ ወደኋላ ስለቀረ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ደንብ የሚባል ነገር ስላልነበረ። ጥላቻና ጥይት የመጡት ከዚያ ክፍተት በኋላ ወይም በዚያ ክፍተት በኩል ነው። የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ሲሰሙ ፖለቲካውን አቃለልከው ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ሄዳችሁ አይታችኋል ወይ ብዬ እመልሳለሁ። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይወጣል፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ይዞ ይመጣል። ሁልጊዜ ይዋደዳሉ ያለህ ሰው አለ? በግጦሽና በውኃ ስንት ጊዜ ተጣልተዋል። ገበያው የቆየው የት እንደሚቆም፣ ማን እንደሚደልል፣ ደም ቢፈስ በየትኛው ሽማግሌ ፊት እንደሚቀርብ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። ቡሬ ላይ የጠፋው ይኸው ነው።

ጅቡቲን ተመልከት። ከጅቡቲ ጋር ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው፤ በወደብ ታሪፍ፣ በመኪና ወረፋ፣ በውኃና በመብራት ሒሳብ። ሆኖም የወደብ አጠቃቀምና የትራንዚት ስምምነት አለ፤ ሹፌሩ ኮሜሳ የሚባለውን የአፍሪካ አገሮች የንግድ ማኅበር ቢጫ ካርድ (የመኪና ኢንሹራንስ) ይዞ ይሻገራል፤ 756 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ባቡር አለ፤ ጭቅጭቁም የሚነሣበት ጠረጴዛ አለው። ከወጪና ገቢ ዕቃችን ከ90 በመቶ በላይ በዚያ ያልፋል። ይህን ያህል ሸክም በአንድ በር ማሳለፍ አደገኛ ነው የሚለው የመንግሥት ክርክር ልክ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። መፍትሔው ላይ ነው የምለየው።

አሁን «ያለ ጦርነት ሊከፈት ይችላል?» ወዳልከው ልምጣ። ጥያቄህን ልገልብጠውና በጦርነት ሊከፈት ይችላል ወይ ብዬ ልጠይቅህ። በ1992 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በቡሬ ግንባር እየተዋጋ ሳለ ለምን ወደ አሰብ አልገባም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ገባ እንበል። መርከብ ግን በወታደር ትእዛዝ አይመጣም፤ የሚመጣው ኢንሹራንስ ሰጪው ሲፈቅድለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የየመን ሁቲዎች መርከቦችን ስለመቱ የዓለም ትልልቅ የመርከብ ኩባንያዎች ቀይ ባሕርን ትተው አፍሪካን በደቡብ ዞረዋል። አሰብ ከባብ ኤል መንደብ ቅርብ ናት። ባለቤትነቱ በሚካድበት፣ ጦር በከበበው ወደብ ላይ ኮንቴይነር ሊያወርድ የሚመጣው የትኛው ኩባንያ ነው?

በሕግም በኩል ኪሳራ አለበት። የአልጀርሱ ስምምነት ያቋቋመው የካሣ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2005 ኤርትራ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ኃይል በመጠቀሟ ዓለም አቀፍ ሕግን ጥሳለች ብሎ ወስኗል። በመጨረሻው ሒሳብ ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኤርትራ 163.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈርዷል። ሁለት አገር ያን ሁሉ ሰው ገብሮ በሒሳብ የተለያየው በ10.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ ጠረጴዛ ያተረፈችው ትልቁ ነገር «የተወረርኩት እኔ ነኝ» የሚለውን ፍርድ ነው። እሱን በገዛ እጅ መጣል የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ደግሞስ ለኮምቦልቻ ልጅ ስለ ጦርነት የምነግረው እኔ ነኝ? በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ፣ በር የተሰበረበትን መጋዘን አንተ በእግርህ እያለፍክ አይተኸዋል። በዚያው ሰሞን ሚሌ አካባቢ የነበረው ውጊያ ለምን እንደነበረም ታውቃለህ፤ የጅቡቲን መንገድ ለመቁረጥ ነበር። አሰብ ላይ የሚጀመር ውጊያ አሰብ ላይ አይቀርም፤ ቡሬን፣ ማንዳን፣ ኤሊዳርን ይዞ የጋላፊው መንገድ ድረስ ይወርዳል። የማይሠራውን በር ለመክፈት የሚሠራውን መዝጋት ይሆናል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ በተፈረመው የሰላም ስምምነት ላይ ኤርትራ አልተቀመጠችም፤ ያ ያልተዘጋ ሒሳብ አሁንም በሰሜኑ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

ሌሎቹን ጎረቤቶች በአጭሩ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ሞቃዲሾን አስቆጣ፤ ግብፅም አጋጣሚውን ሳታባክን ከሶማሊያ ጋር ወታደራዊ ስምምነት አደረገች። በዓመቱ መጨረሻ ቱርክ አንካራ ላይ ኢትዮጵያንና ሶማሊያን አቀራረበች፤ የወጣው መግለጫ ኢትዮጵያ በሶማሊያ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር አስተማማኝ የባሕር መዳረሻ የምታገኝበትን ንግግር ይጠቅሳል። ቃሉን አየኸው? መዳረሻ ይላል፣ ይዞታ አይልም። ጅቡቲም በተመሳሳይ ወቅት ታጁራን አቅርባለች። ከእነዚህ ሁሉ ለኮምቦልቻ የሚቀርበው ታጁራ ነው። አዲስ ወደብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው የተከፈተው፤ ከአፋር በኩል ዕቃን ለማስገባት የጅቡቲን ከተማ መጨናነቅ ያስቀራል። ስለ እሱ የሚያወራ ሰው ያነሰው ታሪክ ስለሌለው ይመስለኛል። ነጋዴ ግን ታሪክ የሌለው ወደብ ቢያገኝ ምን ይጎድልበታል?

እንግዲህ መጋዘኑ። እኔ የሕግ መምህር ነኝ፤ የንግድ አማካሪ አይደለሁም፤ ቢሆንም የጠየቅኸኝን ሳልመልስ አልሄድም። ቦታህ ጥሩ ነው። ጥሩ የሆነው ግን በአሰብ ምክንያት አይደለም። ከኮምቦልቻ ሚሌ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚሌ ከደረስክ የጅቡቲው መስመር ላይ ነህ። ደረቅ ወደቡ እዚያው ኮምቦልቻ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው ነው። ሐዲዱ ተነጥፎ ባቡሩን ስንት ዓመት እንደጠበቅን ስለምታውቅ በባቡር ላይ አትቁጠር፤ በአስፋልቱ ላይ ቁጠር።

አሰብ በእውነት ልትከፈት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ንግግር አትስማ፣ የመሪዎችን መተቃቀፍም አትይ፤ አንዴ አይተን ጨርሰናል። ባንክህ ሂድና «ወደ አሥመራ ኤልሲ ትከፍታላችሁ?» ብለህ ጠይቅ። አዎ የሚል ባንክ ካገኘህ ብርና ናቅፋ መተያያ ተበጅቶላቸዋል ማለት ነው፤ ትልቁ ዜና እሱ ነው። ቡሬ ላይ በወታደር ፈንታ የጉምሩክ ሠራተኛ ሲመደብ፣ ኢንሹራንስ ድርጅቶች ለዚያ መስመር ዋጋ ማውጣት ሲጀምሩ፣ ድንበሩ ላይ የምልክት ድንጋይ የሚተክሉ ቀያሾች ሲታዩ፣ ያኔ ደውልልኝ። ከዚህም በኋላ ለረጅም ዓመታት ያለ ከባድ ሥራ የቆየ ወደብ ክሬንና ጥገና ይፈልጋል፤ ቡሬ በተከፈተ ማግስት ኮንቴይነር አይመጣም። በ2011 ዓ.ም. ደስታ ብዙ ሰው ቡሬ መንገድ ላይ ሆቴልና ነዳጅ ማደያ ሊሠራ ሲሯሯጥ አይቻለሁ፤ ከእነሱ አንዱ የቅርብ ዘመዴ ነበር፤ መሠረቱ ተጥሎ ቀርቷል።

ለብድር የምታቀርበውን ጥናት ላክልኝ፤ ሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። የገቢው ሠንጠረዥ በጋላፊ በኩል በሚመጣው ዕቃ ብቻ ተሠልቶ ብድሩን መክፈል ከቻለ ሥሩት። አሰብን ካልጨመራችሁ ሒሳቡ የማይዘጋ ከሆነ ግን መሬቱን አጥራችሁ ለጊዜው ለተሳቢ ማቆሚያ አከራዩት፤ የወንድሞችህንም ገንዘብ መልስላቸው።